ሁለተኛው ጄሪካን

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ ስሜ የተጻፈበት ምስክር ወረቀትም በመስታወት አድርገው ሰጡኝ። ለስላሳና ድፎ ዳቦ ቀርቦ ነበር። ከወረዳ የመጣው ሰውዬ መድረክ ላይ ከወጣ መውረድ የማይወድ ነው፤ ያን ቀን ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ አሳጠረው። «ሲስተር የሺ» አለ፣ «በጦርነቱ ጊዜ፣ መድኃኒት በጠፋበት፣ በውሃ ብቻ የሰው ዓይን ያዳነች ባለሙያ ናት።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ፋጡማ ከልጇ ከሩቂያ ጋር ተቀምጣ ነበር። ፋጡማ የመርሳ ሰው ናት፤ ድሮ ሳሙና ትሠራ ነበር። የሩቂያ ቀኝ ዓይን አያይም። ያ ዓይን የጠፋው በእኔ እጅ ነው፤ ሁለቱም ግን እንደ ሌላው ሰው አጨበጨቡልኝ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ለዚያ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሥራ የጀመርኩት ወልድያ ውስጥ ነው፤ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወር አልሞላኝም። የመደቡኝ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ሲሆን ክፍሉ የጋሽ ይማም ግዛት ነበር። ጋሽ ይማም ድሬሰር ነበሩ፤ ያኔ ቁስል አጥቦ የሚያሽግ ሰው እንዲያ ይባል ነበር። ወረቀታቸው ከእኔ ያንሳል፤ እኔም በልጅነቴ ይህን ሳላሳውቃቸው አልቀረሁም። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው ባልዲ ያሲዙኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ በረኪና ዓይኗ ውስጥ የገባባት ሴት እየጮኸች መጣች። እኔ ወደ መድኃኒት መደርደሪያው ሮጥኩ። ጋሽ ይማም የሄዱት ወደ መስኮቱ ነው። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ውዱእ የሚያደርጉበትን ማንቆርቆሪያ አነሱ፤ ጎኑ የጎደጎደ፣ አፉ ቀጭን የሆነ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ነው። ሴትዮዋን አስተኝተው ራሷን ወደ ተጎዳው ዓይን በኩል አዘነበሉት፤ ያ የታመመው ዓይን ከታች ይሆናል፣ የሚወርደው ውሃም ጤነኛውን አይነካም። ከዚያ የዓይኗን ቆብ በሁለት ጣት ከፍተው፣ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ፣ ክር በመሰለ ፈሳሽ ያፈሱባት ጀመር። ዓይኗን በከፈቱበት እጅ፣ በቀሩት ጣቶች፣ የሶላት መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። አንድ ፍሬ ሲያልፍ «ሱብሃነላህ» ይላሉ፤ ሌላው ሲያልፍ «ሱብሃነላህ» ይላሉ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እየተቀበልኩ እሞላለሁ። ዘጠና ዘጠኙን ፍሬ ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «በቃኝ፣ ተሻለኝ» ብትል የሰሟት አይመስሉም።

ስትሄድ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት ተሰቅሎ በመቁጠሪያ ይለካል?»

«ሰው እየጮኸብሽ ሰዓት አታይም» አሉ። «ብታይም አምስቱ ደቂቃ ሃያ ይመስልሻል። መቁጠሪያው ግን ሩህሩህ አይደለም፤ ፍሬው ካላለቀ አላለቀም።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልቁጠር? ክርስቲያን ነኝ።»

ትንሽ አሰቡ። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ነገር ቆጠሩ። «አርባ አንድ ኪርያላይሶን አላችሁ አይደል? እሱን ሰባት ጊዜ በይው፤ ከእኔ ሦስት ዙር ጋር ይገጥማል። ግን ምሳ እንደቸኮለ ዲያቆን አታሩጭው።»

በዚህ ተሳስቀን ቀረ፤ አሠራሩ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ተከተለኝ። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰው አንድ ላይ ይመጣብናል፤ እሳቸው በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ፣ እያንዳንዳችን በሃይማኖታችን እየቆጠርን እናጥባለን። ከሳቸው ጥግ «ሱብሃነላህ»፣ ከእኔ ጥግ «ኪርያላይሶን» ይሰማል። በሽተኞቹም የየራሳቸውን ትተው ከሚያጥባቸው ሰው ጋር ይቆጥሩ ነበር።

ጋሽ ይማም ብዙ አይናገሩም፤ ስህተት ሲያዩ ግን አያልፉም። አንድ ቀን ቤት ሲለስን የነበረ ሰው ደረቱ ሁሉ ውሃ ያልነካው የኖራ ዱቄት ሆኖ መጣ። እኔ ጎበዟ ባልዲውን አንስቼ ልደፋበት ስል ክንዴን ያዙኝ። ዱቄት የሆነ ነገር መጀመሪያ በደረቁ ይራገፋል፤ ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላልና ሰውዬውን ልቀቅለው ነበር። ሸሚዙንም በራሱ ላይ ማውለቅ የለም፤ ፊቱን ይነካዋል፤ በመቀስ ይቀደዳል። በራስሽ እጅ ላይ ጓንት ከሌለ ፌስታል ታጠልቂያለሽ። ሶዳ ያቃጠለውን በሎሚ፣ አሲድ ያቃጠለውን በሶዳ «አበርዳለሁ» ማለት ቃጠሎ ላይ ቃጠሎ መጨመር ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። የጥርስ ሳሙናውንስ ተዉት! ስንቱ ነው እንደ ግድግዳ ነጥቶ የመጣልኝ! መጀመሪያ እሱን ሳጥብ፣ ከዚያ ቃጠሎውን ሳጥብ እድሜዬ አለቀ።

ከወልድያ ስቀየር ማንቆርቆሪያውን ሰጡኝ። «ውዱእ የለመደ ዕቃ ነው» አሉ፣ «አደራ፣ ሻይ እንዳታፈይበት።» አላፈላሁበትም። ጋሽ ይማም ጦርነቱን ሳያዩ ሞቱ፤ እንኳን አላዩት እላለሁ።

ሲሪንቃ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። መንገድ ዳር ስለሆነ የባትሪ አሲድ የነካው ሾፌር አይጠፋም ነበር። ከዚያ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፤ ስሟን አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ደመወዙ እንደ ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንደኛው፣ ደግ ልጅ ነበር፣ ወረቀት ይወዳል እንጂ፣ ሪፖርቴን ይዞ መጥቶ «ሲስተር፣ ለዚህ በሽተኛ የተሰጠ ሕክምና የሚለው ቦታ ላይ ውሃ ብለሽ ጽፈሻል» አለኝ። አዎ አልኩት። «ውሃ እኮ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አለ። «እንግዲያው ዝርዝሩን አስተካክሉት» ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እንዲህ ያለች አፈኛ ነበርኩ፤ ስለ ውሃ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም ነበር።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰበት ዓመት መጀመሪያ ስልክ ጠፋ፣ ከዚያ መብራት ጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ የውሃው ፓምፕ ቆመ። መንገዱ ተዘጋ። ታጣቂዎች መጥተው መድኃኒት ቤቱን ሰብረው ያለውን ጫኑት፤ የግሉኮስ ከረጢት እንኳ አልተረፈም። ግማሹ ሠራተኛ ተሰደደ። እኔ፣ ዘበኛውና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ቀረን። ዘበኛው ማለዳ ማለዳ ወንዝ ወርዶ ሁለት ጄሪካን ውሃ በአህያ ያመጣልናል። ለማዋለጃውም፣ ለቁስሉም፣ ለእጃችንም ያው ነው።

ሳሙና ከገበያ የጠፋው ያኔ ነው። ፋጡማ ከጦርነቱ በፊት ሥልጠና ወስዳ ሳሙና ትሠራ ስለነበር የተረፈ ኮስቲክ ሶዳ ነበራት፤ ያን በውሃ አሟሙታ ከሞራ ጋር እያዋሐደች ሳሙና ታወጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ የሚታጠበው በሷ ሳሙና ነበር፤ ለእኛም በነጻ ትሰጠናለች። አንድ ቀን ስትሰጠኝ «ፋጡማ፣ ሶዳውን በምን ታስቀምጭዋለሽ?» ማለት ነበረብኝ። ክትባት ላይ ለሚመጡ እናቶች ሁሉ «ኬሚካል በውሃ ዕቃ አታስቀምጡ» እያልኩ ስለፈልፍ የኖርኩት ሴት፣ ሳሙናውን ሳይ ደስ ብሎኝ ረሳሁት። እሷም ሌላ ዕቃ ስላልነበራት በባዶ የውሃ ሃይላንድ አድርጋ፣ እንዲቀዘቅዝ ብላ፣ ደጃፏ ላይ ታስቀምጠው ነበር።

ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ያፈራበት ጊዜ። ሩቂያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወፍ ስትጠብቅ ውላ ከእርሻ ተመለሰች፤ ውሃ ጠምቷታል። ደጃፉ ላይ ሃይላንዱን አየች። ክዳኑ ጠብቆባት በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ስትታገለው ድንገት ተከፈተና ቀኝ ዓይኗና ጉንጯ ላይ ፈነጠቀባት።

ፋጡማ አዝላት እየሮጠች መጣች። አንዲት ጎረቤት ጉንጯን ቅቤ ቀብታታለች። ከጠዋት ጀምሮ በወንዙ በኩል ተኩስ ስለነበረ ዘበኛው ሁለተኛ መውረድ አልቻለም። ያለን ውሃ ግማሹ የተቀዳ አንድ ጄሪካንና ያልተነካ ሌላ ጄሪካን ነው። በሚቀጥለው ክፍል የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ምጥ ይዟት ታቃስታለች።

ልጅቱን አስተኛኋት፤ ራሷን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ፤ የጋሽ ይማምን ማንቆርቆሪያ አነሳሁ። እናቷ ራሷን ያዘችልኝ። ኪርያላይሶን እያልኩ ማፍሰስ ጀመርኩ። አንደኛውን አርባ አንድ እስክጨርስ ልጅቱ ግቢውን በጩኸት አናጋችው። በሁለተኛው ጩኸቱ ወደ ለቅሶ ወረደ። በሦስተኛው ጸጥ አለች፤ «ሲስተር፣ ተሻለኝ» አለችኝ።

ሶዳ እንዲህ ነው። እንደ አሲድ እያስጮኸ አይቆይም፤ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን አውቅ ነበር። ጋሽ ይማም ያችን የበረኪና ሴት «ተሻለኝ» ስትል ያልሰሟት ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። አራት ዙር ይቀረኛል። ግማሹ ጄሪካን አለቀ። ሁለተኛው ከአጠገቤ ቆሟል።

ከግድግዳው ማዶ ምጥ የያዛት ሴት ጮኸች። ከሳምንት በፊት አንዲት እናት ውሃ በሌለበት አዋልጃለሁ፤ እጄ ላይ የደረቀውን ደም በቅጠል ነው የጠረግኩት፤ ያች እናት ትኩሳት ያዛት። ያ ዓይኔ ላይ ነበር። ልጅቱ ተሽሏታል አልኩ፤ እንዲሻላት ስለፈለግኩ ነው እንጂ አይቼ አይደለም። ጄሪካኑ ላይ አንሶላ ጣል አድርጌ በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት።

ፋጡማ ቀና ብላ አየችኝ። «በቃ፣ ሲስተር?»

«ውሃ አለቀ» አልኳት።

ዓይኗን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ላክኋቸው። ካርዷ ላይም «ውሃ በማለቁ እጥበቱ ተቋረጠ» ብዬ ጻፍኩ። ያ አለቃዬ ቢኖር ኖሮ ደስ ይለው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃን ነገር በወግ ሞላሁት።

ያች ሴት ምጧ የውሸት ምጥ ነበር። ጎህ ሲቀድ ቆሞላት፣ እናቷን ተደግፋ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ተኩሱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ራቀ፤ ዘበኛው አህያውን ነድቶ እንደ ወትሮው ወንዝ ወረደ። ውሃ ሊመጣ ነውና የጽዳት ሠራተኛዋ ከአልጋው ሥር ያገኘችውን ጄሪካን አውጥታ ወለሉን አጠበችበት። ሲሚንቶው ላይ ሲፈስ ቆሜ አየሁት። ተይ ለማለት እንኳ ምክንያት አልነበረኝም።

ረፋዱ ላይ ሩቂያን መልሰው አመጧት። ጨርቁን ስፈታ የዓይኗ ብሌን አመድ የተነፋበት መስሏል። ያን ቀን ውሃ ሞልቶኝ ነበርና ሰባቱን ዙር አጠብኳት፤ ለማን እንደማጥብ እኔም አላውቅም። መንገዱ የተከፈተ ጊዜ ፋጡማ ደሴ ድረስ ወሰደቻት። የዓይን ሐኪሙ ሶዳው ወደ ውስጥ መዝለቁን ነግሮ መለሳቸው። የቀሩት አራት ዙሮች ያድኗት ነበር ወይ? አላውቅም። ከቤቷ እስከ እኔ ስትደርስ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ምናልባት አያድኗትም ነበር። ይህን «ምናልባት» እንደ ትራስ ልንተራሰው ሞክሬያለሁ፤ አልመች ብሎኛል።

የሚብሰው ሌላ ነው። ሩቂያ በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር ሮጣ መጥታ ትስመኛለች። አንድ ቀን አንዲት የማታውቃት ሴት «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» ስትላት ከጎኗ ቆሜያለሁ። «በቅብጠቴ ነው» አለች፣ «የማይነካ ነገር ነክቼ። ሲስተር አጥበውኝ ነበር፣ ውሃ አለቀባቸው እንጅ።» የእኔን ውሸት በእኔው ፊት መሰከረችልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ዝም አልኩ።

ከሽኝቱ በኋላ በሳምንቱ መርሳ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አልገባኝም። ፋጡማ በሰፌድ ማሽላ ትለቅማለች። ሳሙና መሥራት ከተወች ቆይታለች።

«ውይ ሲስተር! ምነው በዚህ ፀሐይ? ልጅ ልከው ቢያስጠሩኝ አልመጣም ነበር?» ብላ ተነሥታ በርጩማ ሰጠችኝ። «አረፍ ይበሉ።»

አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደ ሌላው ጊዜ ወሬ ተጨዋውቼ እንደምሄድ ራሴን አውቃለሁ። «ፋጡማ» አልኳት፣ «ያን ቀን ውሃ አለቀ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሌላ ጄሪካን ነበር።»

ማሽላው ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«በእግርዎ ወደ አልጋው ሥር ሲገፉት አይቻለሁ። እየተንሸራተተ ሲሄድ ሙሉ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።»

ያኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ያን ሁሉ ጊዜ! እኔኮ… አጨበጨብሽልኝ እኮ፣ ፋጡማ!»

«ያችኛዋም ልጅ በሆዷ ይዛ ነበራ» አለች። «ደሞስ በምን አፌ ልናገር? ሃይላንዱን ደጃፍ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። እርስዎን አንድ ቃል ብል ሰው ዞሮ ሶዳውን ማን እዚያ አኖረው ይላል። ዝምታዬ ለእርስዎ አልነበረም፤ ለራሴ ነው።» ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። «እርስዎም ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልሁ። ሸክሙን ልጅቱ ወሰደችው። በቅብጠቴ ነው ትላለች። እናቷ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ወላሂ ሲስተር፣ ከዓይኗ ይልቅ እሱ ነው የሚበላኝ።»

አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ በሽተኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም። ፋጡማ አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እንንገራት?» አለችኝ።

«ትጠላኛለች።»

«ትጥላዎት። እኔንም ትጥላኝ። ራሷን ከምትጠላ ይሻላል።» ወደ ጓሮው ዞራ ተጣራች፤ «ሩቂያ! ነይ ግቢ፤ ሲስተር የሚነግሩሽ ነገር አለ።»

ሩቂያ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ ነበርና በጣሳ ውሃ ይዛ ገባች። ሳመችኝና ጣሳውን ሰጠችኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ በግራ ዓይኗ እንድታየን ዞር ብላ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ጣሳውን ከማንቆርቆሪያው ጎን መሬት ላይ አኖርኩት።

«ያን ቀን» አልኳት፣ «ሁለት ጄሪካን ውሃ ነበር።»